ሽሮ ሃይማኖት የለውም፦ የተማሪን ቤት ሳይነኩ ሥነ ዜጋን ማስተማር

በ2004 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ ዘጠነኛ ክፍል ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር አስተምር ነበር። ዓመቱ እየተጋመሰ አልፎ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ደርሰናል፤ «ዕውቀትን መሻት» የሚለው። ያን ቀን ወኔዬ ከፍ ብሎ ነበር። ቾኩን አስቀመጥኩና እንዲህ አልኳቸው፦ «ማንም የነገራችሁን ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። አባታችሁም ይሁን፣ ሃይማኖታችሁም ይሁን። ሰው ሙሉ ሰው የሚሆነው ሁሉን ነገር ራሱ መርምሮ ሲመርጥ ብቻ ነው።» ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ገባቸው ብዬ ደስ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን አንድ አባት መጡ። ጋቢያቸውን ደርበው፣ እረፍት እስክወጣ ግድግዳው ጥግ ቆመው ጠበቁኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ፣ ሕግ እንድታስተምሪልኝ ነው የላክሁት» አሉኝ። «እምነቱን እኔ አስተምረዋለሁ። ያ የነገርሻቸው ነገር ሕግ ላይ አለ?»

«አለ አባቴ» ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ማታ ሕገ መንግሥቱን አገላበጥኩ። የለም። ጭራሽ አንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 4 ከሳቸው ጋር ቆሟል። ወላጆች በእምነታቸው መሠረት የሃይማኖትና የመልካም ሥነ ምግባር ትምህርት እየሰጡ ልጆቻቸውን የማሳደግ መብት አላቸው ይላል። አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ ይሰጥ ይላል። ስንት ዓመት ያስተማርኩት ሰነድ ነው እኮ። ያፈርኩት ማፈር!

ከዚያ ወዲህ ትምህርቱን እንዴት እንደቀየርኩት ነው የምጽፈው። አሁን ስሙ «የዜግነት ትምህርት» ተብሏል። ስሙ ምንም ይሁን፣ ክፍል ውስጥ የሚገጥማችሁ ችግር ያው ነው።

መጀመሪያ ሁለቱን ቅርጫት ለዩ

ጥፋቴን በደንብ የሰየመልኝ ጆን ሮልስ የሚባል አሜሪካዊ ፈላስፋ ነው። ሃርቫርድ ያስተማረ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የሞተ ሰው ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. «ፖለቲካል ሊበራሊዝም» የሚል መጽሐፍ አሳተመ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። በእምነት፣ በፍልስፍና፣ በሕይወት ትርጉም ፈጽሞ የማይስማሙ ሰዎች እንዴት አድርገው በአንድ ፍትሐዊ ሕግ ሥር ይኖራሉ?

እሱ ሁለት ዓይነት ሊበራሊዝም ይለያል። አንደኛው ስለ ሰው ሕይወት በሙሉ አስተያየት አለው። ካንትና ሚል የሚባሉትን ፈላስፎች እዚህ ያስቀምጣቸዋል። ጥሩ ሕይወት ማለት በራስ አእምሮ መርምሮ፣ ራስን ችሎ መርጦ መኖር ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ግን ፖለቲካዊ ብቻ ነው። ቤትህ ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያንህ ወይም መስጊድህ ውስጥ ምን እንደምታስብ አይጠይቅም። በጋራ በምንኖርበት ቦታ ላይ ምን ዓይነት ሰው እንደምትሆን ብቻ ይጠይቃል። እኔ ያን ቀን ክፍል ውስጥ የመጀመሪያውን ነበር የሰበክሁት። መንግሥት የቀጠረኝ ግን ለሁለተኛው ነው።

(ሊበራሊዝም ስል የሚደነግጥ አይጠፋም። ያኔ «ኒዮ ሊበራል» ማለት እኛ አገር ስድብ ነበር። አንዳንድ ባልደረባዬ ቃሉን ሲሰማ ዛሬም በሩን ያያል። እዚህ የማወራው ስለ ንግድና ስለ ገበያ አይደለም።)

ስለዚህ ዓመቱ ሲጀመር የተማሪውን መማሪያ መጽሐፍ ይዤ እቀመጣለሁ። እያንዳንዱን እሴት በሁለት ቅርጫት እከፍላለሁ፤ የጋራ እና የቤት። የቀድሞው መጽሐፍ 11 እሴቶች ነበሩት፤ ከዴሞክራሲያዊ ሥርዓትና ከሕግ የበላይነት ጀምሮ እስከ ቁጠባና ዕውቀትን መሻት። እኩልነት በሕግ ፊት የጋራ ነው። ሌላውን በእምነቱ አለማስገደድ የጋራ ነው። ግብር፣ ድምፅ፣ ፍርድ ቤት፣ ወረፋ፣ እነዚህ ሁሉ የጋራ ናቸው። ነፍስ አለች ወይ፣ ጥሩ ሕይወት ገዳም ነው ወይስ ንግድ፣ አባት ሲናገር መከራከር ብልግና ነው ወይስ ብልህነት፣ እነዚህ የቤት ናቸው። የቤቱን ቅርጫት አልነካም። ከነኩብኝም «ይህን እናትህን ጠይቃት» ብዬ እመልሳለሁ።

የሚያስቸግሩ አሉ። ቁጠባ ለምሳሌ። «ብልህ ሰው ይቆጥባል» ስትሉ የጋራ ይመስላል። ግን ያለውን ሁሉ ለድሃ ሰጥቶ የሄደ ሰው ቅዱስ ነው ተብሎ ያደገ ልጅ ፊታችሁ ተቀምጧል። እኔ ቁጠባን እንዴት እንደሚሠራ አስተምራለሁ፤ ባንክ፣ ወለድ፣ እቁብ። የማይቆጥብ ሰው ሰነፍ ነው አልልም።

ምክንያቱ ከቤት ይምጣ

ይሄኛው ከሁሉም የምወደው ዘዴ ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ ተኩል ይፈጃል።

ሰሌዳው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጻፉ። «ማንም ሰው በእምነቱ ምክንያት አይገደድም።» አታብራሩ። የቤት ሥራው እንዲህ ነው፦ «ማታ ቤታችሁ ውስጥ ትልቁን ሰው ጠይቁ። ይህ ነገር ልክ ነው? ከሆነ ለምን? የነገራችሁን እንዳለ ጻፉት።»

በማግስቱ የመጡትን መልሶች ከዓረፍተ ነገሩ ሥር እደረድራለሁ። አንዷ ከአባቷ «በሃይማኖት ማስገደድ የለም» የሚለውን የቁርኣን ቃል ይዛ መጣች። ሌላው ከማቴዎስ ወንጌል ሰዎች ሊያደርጉላችሁ የምትወዱትን እናንተም አድርጉላቸው የሚለውን አመጣ። ሦስተኛው አፍሮ አልናገርም አለ። ጎትጉቼ ሳናግረው አያቱ ያሉት ይህ ነው፦ «እኔ ከጎረቤት ተጣልቼ ስሞት ማን ይቀብረኛል? ቅሬው የሁሉም አይደለም ወይ?» ወሎ እድሩን ቅሬ ነው የሚለው፤ ክርስቲያንና እስላም አብሮ የሚቀብርበት ቅሬ ብዙ ነው። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን የአያትየውን መልስ ከላይኞቹ እኩል አድርጌ ጻፍኩት።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። «ከላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር የሚቃወም አለ?» የለም። «ከታች ባሉት ምክንያቶች ሁሉ የሚስማማስ?» እሱም የለም። ሮልስ ተደራራቢ ስምምነት የሚለው ይህ ነው። የተለያየ ቤት፣ የተለያየ ምሰሶ፣ አንድ ጣሪያ። ቃሉን ግን ለተማሪ አልነግርም። ሰሌዳው ላይ ያዩታል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቶቹን አታወዳድሩ። «የትኛው ይበልጣል?» ያላችሁ ቀን ትምህርቱ ወደ ሃይማኖት ክርክር ይገለበጣል፤ መልሳችሁ አትሰበስቡትም። እኔ አንዴ ሞክሬ እስከ ደወል ድረስ አስታርቄ አልጨረስኩም።

ሁሌም ጥሩ ምክንያት ከቤት አይመጣም። ከጦርነቱ በኋላ፣ ትምህርት ቤት ተመልሶ ሲከፈት፣ አንድ ልጅ «እነዚያ ሰዎች ጎረቤት አይሆኑም» የሚል ወረቀት ይዞ መጣ። የአባቱ የእጅ ጽሑፍ ነው። ቤታቸው ምን እንደደረሰ አውቃለሁ። አባቱን በክፍል ፊት አላዋርድም፤ ግን ሰሌዳው ላይም አልጽፈውም። ለብቻው ጠርቼ አንድ ነገር ጠየቅሁት። «ይህን ምክንያት ያ የምትለው ሰው እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን እያየኸው ትነግረዋለህ? ነግረኸውስ እሱ ‹እሺ፣ በዚህ እንተዳደር› ሊልህ ይችላል?» መልስ አልሰጠኝም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። እኔም አልተከታተልኩትም። አንዳንዱ ነገር በ40 ደቂቃ አያልቅም።

የሥጋው ጉዳይ

አሁን ወደ ተግባሩ። ተማሪ ስለ «የጋራ ምክንያት» በንግግር አይማርም፤ ሆዱን የሚነካ ጉዳይ ይፈልጋል። እኔ ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው።

የሥነ ዜጋ ክበባችን የዓመት መዝጊያ ሊያዘጋጅ ብር አዋጣ። አንዱ ተነሥቶ «በግ ይታረድ» አለ። ሁሉም አጨበጨበ። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ቀስ ብላ «ማን ነው የሚያርደው?» አለች። ጭብጨባው ቆመ። ይህን ለወሎ ሰው ማብራራት አያስፈልግም፤ ለሌላው ግን አንዱ የባረከውን ሌላው አይበላም።

ልፈታላቸው ስል ትዝ አለኝና ተቀመጥኩ። ሕግ ብቻ አወጣሁ። «የምታቀርቡት ምክንያት ሌላው ሃይማኖቱን ሳይለውጥ ሊቀበለው የሚችል ይሁን።»

የመጀመሪያው ልጅ «እኛ ብዙ ነን» አለ። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። «ጥቂት ብትሆኑ ትቀበለው ነበር?» አልኩት። አሰበና «ይጥፋ ቲቸር» አለኝ። ራሱ መጥቶ በእጁ ጠረገው። ሁለተኛው «ሁለት በግ፣ ሁለት አራጅ፣ ሁለት ድስት» አለ። ሠርግ ላይም የሚደረገው ይኸው ነው፤ ለየብቻ ታርዶ ለየብቻ ይቀርባል። ምክንያቱ ጥሩ ነው። ገንዘብ ያዥዋ ግን ደብተሯን ገልጣ ብሩ ለአንድ በግም አይበቃም አለች። ያኔ ነው ያቺው የኋላ ወንበሯ ልጅ «በቃ ሽሮ ይሠራ። ሽሮ ሃይማኖት የለውም» ያለችው።

ከሳቁ በኋላ አንዱ «ዓመቱን ሙሉ ሽሮ በልቼ በመዝጊያውም ሽሮ?» ብሎ ተቃወመ። እሱም እኮ ምክንያት ነው! ያውም ሁሉም ቤት የሚገባ። ጻፍነው። በመጨረሻ ሽሮ፣ ድንች ወጥና ለስላሳ ሆነ፤ የሽሮውን ተቃዋሚ ለማካካስ ለሱ ሁለት ለስላሳ ተፈቀደለት። ይሄኛውን ሮልስ አልጻፈውም።

እናንተ አካባቢ ሥጋው ጉዳይ ካልሆነ ሌላ አይጠፋም። የአርብ የምሳ እረፍት በመንግሥት ሥራ ከ5፡30 እስከ 7፡30 የሆነው ለምንድን ነው? የማይሰግደው ሠራተኛ ለምን አብሮ ያርፋል? «ሃይማኖታችን ስለሆነ» የሚለው መልስ ለሌላው አይበቃም። «ማንም ከእንጀራውና ከእምነቱ አንዱን ምረጥ አይባል» የሚለው ግን ለሁሉም ይገባል። ተማሪ ይህንን ልዩነት አንዴ ከያዘው አይለቀውም።

68 ተማሪ ባለበት ክፍል ውይይት አይቻልም የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ ክብ ሠርታችሁ አትቀመጡም። ግን አንድ ወንበር ላይ ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል አይደል? ሦስቱ ለአምስት ደቂቃ ያውሩ፤ አንዱ ይናገር። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ውይይቱ በአማርኛ ይሁን። በሰው ቋንቋ ስለ እናቱ ምክንያት የሚናገር ልጅ አላየሁም።

ገለልተኛ መሆን የማይቻልበት

እዚህ ላይ መዋሸት አልፈልግም። የቤቱን ቅርጫት አልነካም ብያለሁ። ሁልጊዜ ግን አይሳካም።

ሴት ልጅ ከ18 ዓመት በታች አትዳርም ብዬ ሳስተምር ክፍሉ ውስጥ ሽማግሌ የተላከባት ልጅ ልትኖር ትችላለች። ድሮ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለሴት 15 ነበር የሚለው። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ 18 አደረገው። ይህን ስነግራት አባቷ ቤት ገባሁ ማለት ነው። ገብቻለሁ። አልወጣምም። ይህ የጋራው ቅርጫት ነው፤ ምክንያቱም እሷም ነገ ድምፅ የምትሰጥ፣ የምትከስስ፣ የምትከሰስ ዜጋ ናት።

ሮልስም ይህን አልሸሸም። ልጆች ሊያውቁት ይገባል ካላቸው ነገሮች አንዱ በአገራቸው የኅሊና ነፃነት መኖሩን፣ ሃይማኖትን መተውም በሕግ ወንጀል አለመሆኑን ነው። ተዉ ብላችሁ ስበኩ አላለም። እንዲያውቁት ብቻ ነው ያለው። በዚህ የተነሣ አንዳንድ ቤት ልጁን ሊያጣ ይችላል፤ ያንንም እያዘንን እንቀበለዋለን ይላል። እኔ አንቀጽ 27 ላይ ስደርስ ይህን አንዴ እናገራለሁ። ድምፄን ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ፣ ፈገግ ሳልል። ከዚያ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ።

አሜሪካኖቹ ይህን ፍርድ ቤት ድረስ ወስደውታል። በ1972 እ.ኤ.አ. አሚሽ የሚባሉት ክርስቲያኖች ልጆቻችን ከስምንተኛ ክፍል በላይ አይማሩም ብለው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ረቱ። በ1987 ደግሞ ቴነሲ ውስጥ ያሉ ወላጆች የንባብ መጽሐፉ ከእምነታችን ይቃረናል፣ ልጆቻችን አያንብቡት ብለው ተከራክረው ይግባኝ ላይ ተረቱ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አንድን ሐሳብ ማንበብና እመኑት ተብሎ መገደድ ይለያያሉ አለ። ማሳወቅና ማሳመን። እኔ በዚህኛው እስማማለሁ፤ ግን ልዩነቱን መጠበቅ የመምህሩ ሥራ ነው፤ የዳኛው አይደለም።

«ቲቸር አንቺስ ምንድን ነው የምታምኚው?» ይሉኛል። አንገቴ ላይ ማተብ አለ፤ አላዩም አልልም። «ያየኸውን። ግን ከሰሌዳው ፊት ስቆም እሱ አይደለም የሚያስተምርህ» እላለሁ።

የፓርቲው ነገር አጭር ነው። መጽሐፉ የጊዜውን መንግሥት ያሞገሰበት ገጽ ላይ ስደርስ ሰሌዳውን ሦስት ቦታ እከፍላለሁ፤ አገር፣ መንግሥት፣ ፓርቲ። ዓረፍተ ነገሩን አንብበው የየትኛው እንደሆነ ይመድቡት። እኔ አልመድብም። ይህን ሳደርግ አንድ ሱፐርቫይዘር ኋላ ተቀምጦ ነበር። ደብተሩ ላይ ብዙ ጻፈ። ምን እንደጻፈ አልነገረኝም፤ የዚያ ዓመት የሥራ አፈጻጸም ውጤቴ ግን ነገረኝ።

ፈተናውን አርሙ

ብዙ መምህር ክፍል ውስጥ ጥሩ ያስተምርና ፈተናው ላይ ይሳሳታል። የድሮ ፈተናዎቼን አውጥቼ ሳያቸው «ጥሩ ዜጋ የሚባለው የትኛው ነው?» የሚል ምርጫ ሞልቷቸዋል። ይህ ዕውቀት አይለካም። አጎብዳጅነት ነው የሚለካው።

አሁን እያንዳንዱን ጥያቄ በአንድ ነገር እፈትሻለሁ። በዚህ እሴት ፈጽሞ የማያምን ተማሪ፣ በደንብ ካጠና፣ ሙሉ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል? ካልቻለ ጥያቄውን እጥለዋለሁ። «ሕጉ ምን ይላል?» ያልፋል። «ሕጉ የወጣበት ምክንያት ምንድን ነው?» ያልፋል። «በዚህ የማይስማማ ሰው ምን ሊል ይችላል? በራሱ አንደበት ጻፍለት» የሚለው ከሁሉም ይበልጣል። ይህን ጥያቄ በአማርኛ እንዲመልሱ እፈቅዳለሁ። ለማረም ያደክማል። ሁለት ማታ ይወስድብኛል።

መጀመሪያ ያወጣሁት በዚያው በ2004 መጨረሻ ላይ ነው፤ አባትየው ከመጡ በኋላ። ጥያቄው ከአሥር የሚታረም ነበር። የልጃቸው ወረቀት እጄ ገባ። ገጽ ሙሉ ጽፏል። «መምህራችን ሁሉን ራሳችሁ መርምሩ ብላናለች። የማይስማማ ሰው ግን እንዲህ ይላል» ብሎ ይጀምርና፣ የአባቱን ክርክር አንድ በአንድ፣ እኔ ግድግዳው ጥግ ከሰማሁት በተሻለ አደራጅቶ አስቀምጦታል። ወላጅ መብት አለው፣ መንግሥት በሃይማኖት ጣልቃ አይገባም፣ መምህር የመንግሥት ሠራተኛ ናት። በሦስት መስመር ጨረሰኝ።

ዘጠኝ ሰጠሁት። አንዷን የቀነስኩት አንቀጹን 27 በማለት ፈንታ 72 ብሎ ስለጻፈ ነው። 72 ስለ ጠቅላይ ሚኒስትሩና ስለ ሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው።